ወንጌልና ብሎኬት

የአሜሪካ ተማሪ ለሚሽን ሲነሣ አስቀድሞ የሚያደርገው ነገር ጸሎት ይመስላችኋል። አይደለም፤ ደብዳቤ ነው። ከላይ ጥርሱ እስኪታይ የሳቀበት ፎቶግራፍ አለ። ከፎቶው ሥር ጌታ ልቡን ለየትኛው አገር እንደነካው ያወጋል። ከሁሉ በታች ደግሞ የተነካው ልብ እዚያ አገር ለመድረስ ስንት ዶላር እንደሚፈጅ ተጽፏል። አንባቢው በጸሎት ወይም በገንዘብ እንዲተባበር ይለመናል፤ ዘመድ የሆነ ሁሉ ፈጥኖ የሚመርጠው ጸሎቱን ነው።

ፈረንጆቹ ጓደኞቼ ደብዳቤውን ለአያት፣ ለጥርስ ሐኪም፣ ለአሥረኛ ክፍል የሒሳብ መምህራቸው ሳይቀር ላኩ። ሳያፍሩ ላኩ፤ ገንዘቡም ሳያፍር መጣ። እኔ ቨርጂኒያ ላለው አጎቴ ላክሁ። የአበሻ ተማሪ ለዘመዱ ገንዘብ ላክልኝ ብሎ ሲጽፍ ምክንያቱ የታወቀ ነው፤ መጽሐፍ ተወደደ፣ የቤት ኪራይ ተቆለለ፣ መኪናዋ ቆመች። «ሰው ልረዳ ስለሆነ እርዱኝ» የሚል ደብዳቤ ግን በቤተሰባችን ታሪክ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም። አጎቴ በዚያው ምሽት ደወለ።

«ጓቲማላ ነው ያልከው?»

«አዎ ጋሼ።»

«ስማ፣ እኔ ከዚያ አገር ለመውጣት ነው የከፈልኩት። አንተ ለመግባት ትከፍላለህ?»

እውነቱን ነው። አጎቴ አሜሪካ የገባው እንደ ብዙዎቹ የዘመኑ ስደተኞቻችን በደቡብ በኩል ነው። ብራዚል ወርዶ፣ የዳሪየንን ጫካ በእግሩ አቋርጦ፣ ከጓቲማላ ወደ ሜክሲኮ የሱቺያቴን ወንዝ በተነፋ የመኪና ጎማ ላይ በተረበረበ ሳንቃ ተሻግሮ። ስለ ጓቲማላ የሚያውቀው በሌሊት አውቶቡስ መስኮት ያየውን ጨለማ ነው። ስፓኒሽ ግን ከቡድናችን ሁሉ አጣርቶ ይናገራል፤ እኛን ያስተማረን የስልክ አፕ ሲሆን እሱን ያስተማረው ፖሊስ ነው። አክስቴን ደግሞ ከበስተኋላ የሚያሳስባት ሌላ ነው። «በዐቢይ ጾም! ምን ሊያበሉት ነው?» ትላለች። ጴንጤ ከሆንኩ ዓመታት አልፈዋል፤ አክስቴ ግን እስኪለቀኝ እየጠበቀች ነው።

በመጨረሻ አጎቴ 50 ዶላር ላከ፤ ከትእዛዝ ጋር። «ለግድግዳችሁ አይደለም። ለምታበስልላችሁ ሴትዮ ስጥልኝ። አንዲቱ መናኸሪያ ላይ ቂጣና ቦሎቄ ሰጥታኝ ገንዘብ አልቀበልም ብላለች። ስሟን አላውቅም፤ ማንኛዋም ትሁን።»

ነገሩ ከእኛ አልጀመረም። በ1886 ክረምት (ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በፈረንጅ እቆጥራለሁ፤ ጉዳዩም የእነሱ ነውና) ማሳቹሴትስ ውስጥ ማውንት ኸርመን በተባለ ቦታ፣ ሰባኪው ዲ. ኤል. ሙዲ በጠራው ጉባኤ ላይ 100 ተማሪዎች ወንጌል ይዘው ባሕር ለመሻገር ቃል ገቡ። ከዚያ የወጣው የተማሪ በጎ ፈቃደኞች ንቅናቄ በሺዎች የሚቆጠሩ ወጣቶችን በዓለም ላይ በተነ። እነዚያ ሲሄዱ ቤታቸውን ተሰናብተው ነው፤ ቋንቋ ተምረው፣ እዚያው ልጅ አሳድገው፣ ብዙዎቹም እዚያው ተቀብረዋል። የእኛ ሚሽን ከመጋቢቱ የትምህርት ዕረፍት አይበልጥም፤ በተመለሰ ማግሥት ፈተና ያለበት ሰው ነበረን። የፕሪንስተኑ ሶሲዮሎጂስት ሮበርት ዉትኖ በዓመት ወደ 1.6 ሚሊዮን የአሜሪካ ምእመናን በዚህ ዓይነቱ አጭር ጉዞ ከአገር እንደሚወጡ ገምቷል። የቀረው የግቢያችን ተማሪ በዚያው ሳምንት ካንኩን ባሕር ዳር ይተኛል። ሁለታችንም ፊታችን ተጠብሶ እንመለሳለን፤ የእኛን የሚለየው ፎቶው ውስጥ ሕፃናት መኖራቸው ነው።

ከጉዞው በፊት ሥልጠና ነበረ። ውሃውን እንዳትጠጡ፣ ሰላጣውን እንዳትነኩ፣ ብቻችሁን እንዳትንቀሳቀሱ ተባልን። ከዚያ ቃል የሌለበት ድራማ ተለማመድን። ኃጢአት አንዲት ልጅን እየጎተተ ሊወስዳት ሲል ነጭ የለበሰው ያስጥላታል። እኔ ኃጢአት ሆኜ እንድሠራ ተመደብኩ። ለምን እንደሆነ አልጠየቅሁም፤ ጥቂት ከተለማመድን በኋላ አስተባባሪዋ ራሷ ነገሩ ገብቷት ፊቷ በርበሬ መሰለና ወደ ዛፍነት አዛወረችኝ።

ጓቲማላ ሲቲ፣ ላ አውሮራ አውሮፕላን ማረፊያ በመጋቢት ስትደርሱ ሻንጣ መቀበያው ዙሪያ ቢጫ ቲሸርት የለበሰ ቡድን አለ፤ ወዲያ ማዶ አረንጓዴ፣ በር ላይ ወይን ጠጅ። የሁሉም ጀርባ ላይ ጥቅስ ታትሟል። የእኛ ብርቱካናማ ነው። አሜሪካ ወንጌል ልካ ሳይሆን የስንት ሠርግ ሚዜ ተሳስቶ አንድ አዳራሽ የገባ ይመስላል።

የወሰደን አውቶቡስ ከእኛ በፊት የመጣ አሜሪካዊ ነው። አሜሪካ ውስጥ ጡረታ የወጡ የትምህርት ቤት አውቶቡሶች በጨረታ ይሸጡና ሜክሲኮን አቋርጠው እዚህ ይደርሳሉ። ቢጫቸው ተገፎ በቀይና በሰማያዊ ያጌጣሉ፣ ጣሪያቸው ላይ የዕቃ መጫኛ ይበየድላቸዋል፣ ስም ይወጣላቸዋል። አንዱ የኦሃዮ ልጅ ከፊቱ ባለው መቀመጫ ጀርባ ላይ በምስማር የተጫረ የእንግሊዝኛ ስድብ አንብቦ የአገሩ ናፍቆት ያዘው። በጉዞው ሁሉ ዳግም ልደትን ከዚያ አውቶቡስ አብልጦ ያስረዳኝ ስብከት አልሰማሁም።

መንደሩ ከአንቲጓ ከተማ ወጣ ብሎ ነው። ፉዌጎ የተባለው እሳተ ገሞራ ከላይ ሆኖ ጢሱን ይተፋል። ተራራው ባጉረመረመ ቁጥር የእኛ ሰዎች ስልክ ያወጣሉ፤ መንደርተኛው ቀና ብሎ የጢሱን ቀለም መርምሮ ወደ ሥራው ይመለሳል። በ2018 ሰው ሲጨርስ አይተውታልና አይቀልዱበትም።

ልናገለግል የመጣንበት ቤተ ክርስቲያን ግቢያችን ካለው የጸሎት ቤት ይሰፋል። ከመንገዱ ማዶ ሌላ ቤተ ክርስቲያን አለ፤ ጥጉ ጋ ሦስተኛው። ማታ ሦስቱም ድምፅ ማጉያቸውን ከፍተው ሲዘምሩ ውሾቹ ለየትኛው እንደሚጮኹ ግራ ይገባቸዋል። ፒው የምርምር ማዕከል በ2014 ባወጣው ጥናት ከጓቲማላውያን 41 በመቶው ፕሮቴስታንት ነን ብለዋል። አመጣጡም ጥንት ነው። ፕሬዚዳንት ሁስቶ ሩፊኖ ባሪዮስ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያንን ጉልበት ሊሰብር የአምልኮ ነፃነት አወጀና፣ በ1882 ጆን ክላርክ ሂል የተባለ የፕሪስቢቴሪያን ሚሲዮናዊ ከአሜሪካ አስመጣ። በኋላ ዘመን የመጣው ግን ሁሉ ዝማሬ አይደለም። በ1982 በመፈንቅለ መንግሥት ሥልጣን የያዘው ጄኔራል ኤፍራይን ሪዮስ ሞንት እሁድ እሁድ በቴሌቪዥን የሚሰብክ ጴንጤ ነበር፤ በዚያው ዘመን ሠራዊቱ የማያ መንደሮችን ያቃጥል ነበር። ይህን በሥልጠናችን ላይ ማንም አላነሣውም።

በመጀመሪያው ምሽት ፓስተሩ «ከእናንተ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ስንት እጁ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል?» ብለው ጠየቁ። አስተባባሪያችን ትንሽ አሰበችና እውነቱን ነገረቻቸው። ፓስተሩ ዝም አሉ። ከዚያ ጉባኤውን አስነሥተው፣ እኛን መሀል አቁመው፣ እጅ አስጭነው ለአሜሪካ አስጸለዩ። በፕሮግራማችን ላይ የሌለ ጸሎት ነው፤ ረዘም ያለም ነበር። ሁኔታችን ከልባቸው አሳዝኗቸዋል።

ከአፑ የሸመደድነውን ስፓኒሽ አስተካክለን ለአሮጊቶቹ ስናቀርብ በትሕትና ይሰሙንና ፊታቸውን ወደ ልጅ ልጆቻቸው ያዞራሉ። የመንደሩ ትልልቅ ሰዎች አፍ የፈቱት በካክቺኬል ነው፤ አገሪቱ ውስጥ ከ20 በላይ የማያ ቋንቋዎች ይነገራሉ። ካሜሮን ታውንሴንድ የተባለ የካሊፎርኒያ ወጣት ኮሌጁን አቋርጦ በ1917 የስፓኒሽ መጽሐፍ ቅዱስ ሊሸጥ እዚህ አገር ሲመጣ የገጠመው ይኸው ነው። እሱ ከአሥር ዓመት በላይ ተቀምጦ ካክቺኬል ተማረ፤ አዲስ ኪዳንንም ተረጎመ። እኛ ደግሞ የመልስ ቲኬት አለን። ስለዚህ አስተባባሪዋ በእንግሊዝኛ ያለችውን የፓስተሩ ልጅ ወደ ስፓኒሽ፣ አንድ ሽማግሌ ወደ ካክቺኬል ያሳልፉታል። መግቢያዋ ላይ ቀልድ ጣል አደረገች፤ ቀልዱ ኋላ ወንበር ሲደርስ እሷ ንስሐ ላይ ነበረች። አሮጊቶቹ በንስሐው ከልባቸው ሳቁ።

ሥራችን ለአንዲት መበለት ባለ ሁለት ክፍል የብሎኬት ቤት መሥራት ነው። ጓንት አለን፣ ኮፍያ አለን፣ ጉጉት አለን። ግንበኛው ማኤስትሮ ይባላሉ። ከእግር እስከ ራሳችን አንድ ጊዜ አዩንና አሸዋ እንድንነፋ አዘዙ። ጥሩ አለቃ ናቸው፤ አሸዋ ማንም ቢነፋው አይበላሽም። ልጃቸው ከቁርስ በፊት የሚጨርሰውን ክምር ስድስት ሆነን እስከ ምሳ ታገልነው፤ በየመሀሉ ፎቶ ስለምንነሣ ነው እንጂ ይህን ያህልም አይፈጅም ነበር።

የምሕንድስና ተማሪው ጓደኛችን ቅር አለው። ፌሮ ማሰር እንደሚችል፣ ስሌቱንም እንደሚያውቅ አስተረጎመ። ማኤስትሮው ስታፋውን ከእጁ ቀስ አድርገው ወሰዱና «ፌሮውን እኔ ነኝ የማስረው» አሉ። ምክንያቱን ምሳ ላይ ሰማን። የካቲት 4 ቀን 1976፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መጠኑ 7.5 የሆነ የመሬት መንቀጥቀጥ አገሩን መታው። በጭቃ ጡብ ግድግዳና በከባድ የሸክላ ጣሪያ ሥር የተኛ ሕዝብ በእንቅልፉ ተቀበረ፤ ወደ 23,000 ሰው አለቀ። ማኤስትሮው ያኔ ልጅ ነበሩ። ከቤታቸው በሕይወት የወጣውን በጣታቸው ቆጠሩልን፤ አንድ እጅ በቃቸው። ከዚያ ወዲህ ብሎኬት፣ ፌሮና ቆርቆሮ የአገሩ አሠራር ሆነ። እርዳታ ይዘው ከገቡት መካከል ብዙ የአሜሪካ አብያተ ክርስቲያናት ስለነበሩ ጴንጤነቱም አብሮ ተስፋፋ። ከምሳ በኋላ የምሕንድስና ተማሪው ማንም ሳያዝዘው ሄዶ ወንፊቱን አነሣ።

ከሰዓት በኋላ የሕፃናት ፕሮግራም ነው። በእንቅስቃሴ የሚዘመር መዝሙር ልናስተምር ተሰልፈን ጀመርን። ገና ሁለተኛው ስንኝ ላይ ስንደርስ ሕፃናቱ ቀድመውን ጨረሱት። ከፊት የቆመች፣ ጸጉሯ ሁለት ቦታ የተጎነጎነ ልጅ ደግሞ የእኛ እጅ አልጥማት አለ። «ቴክሳሶቹ እዚህ ጋ ነው እጃቸውን የሚያነሡት» ብላ አስተካከለችን። ድራማውንም ያውቁታል፤ ኃጢአት ከመግባቱ በፊት በየት በኩል እንደሚመጣ ለልጅቷ ይጠቁሟታል። ትርኢቱ እንዲህ ሲፈርስ ያላዩት አዲስ ነገር ዛፉ ብቻ ሆነ። ከበቡኝ። «ከሊቪንግስተን ነህ?» ይላሉ። ሊቪንግስተን በካሪቢያን ባሕር ዳር ያለች የጋሪፉናዎች ከተማ ናት፤ ጋሪፉናዎች የአፍሪካ ደም ያላቸው የአገሩ ተወላጆች ናቸው፣ ጭፈራቸው ፑንታ በአገሩ ሁሉ ይታወቃል። ፑንታ ካልጨፈርክ አሉኝ። ፑንታ አላውቅም፤ ትከሻ ግን አለኝ። አገር ቤት፣ ዲላ፣ መዝሙር ላይ የምንነቀንቀውን ትከሻ ነቀነቅሁት። አስተባባሪዋ ሰዓቷን አየች፤ ፓስተሩ ግን ያጨበጭባሉ።

ያቺን ባለ ጉንጉን አውቃታለሁ፤ እኔ ነኝ። ዲላ ባደግሁበት ግቢ ክረምት በመጣ ቁጥር ፈረንጅ ይመጣ ነበር። የሰንበት ትምህርት ቤታችንን ግድግዳ አንዱ ቡድን ሰማያዊ ቀባው፣ የሚቀጥለው ክሬም፣ ከእሱ ቀጥሎ የመጣው መልሶ ሰማያዊ። የሚያፈሰው ጣሪያው ነበር፤ ጣሪያ ላይ መውጣት ግን የኢንሹራንስ ጣጣ አለው ተባለ። እኛ ልጆች ታጥበን፣ ቅባት ተቀብተን፣ የሚያስተምሩንን መዝሙር እንዳዲስ እንማራለን። ከየቤቱ አንሶላ ይዋሳል፣ ዶሮ ይታረዳል፣ በርበሬ የሌለው ወጥ ለብቻ ይሠራል። የእኔ ፍራሽ አንድ ጊዜ ለአንድ ረጅም ሰው ተሰጥታ እግሩ እስከ ጉልበቱ ተርፏት አድሯል። የእኛ ቤት ሴቶች እንግዶቹን ሲሸኙ ያለቅሱ ነበር። ከፍቅር ነው፤ ከድካምም ነው።

ስለዚህ እዚያም ማድ ቤቱን ፈለግሁ። ቆርቆሮ የተጣለበት ጓሮ ነው፤ ሴቶቹ ከእኛ በፊት ተነሥተው ከእኛ በኋላ ይተኛሉ። በቆሎው በኖራ ውሃ ተቀቅሎ ያድራል፣ ማለዳ ወፍጮ ቤት ሄዶ ይፈጫል፣ ከዚያ በመዳፍ ተጨብጭቦ ምጣድ ላይ ይወድቃል። ልሞክር ብዬ ያጨበጨብኩትን ቶርቲያ ቅርጽ አይተው ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ፤ ላለመሳቅ ሞክረው አልሆነላቸውም። በፓስተሩ ልጅ አስተርጓሚነት የአጎቴን ነገር ለዋና አብሳይዋ አወጋኋቸውና ገንዘቡን ሰጠኋቸው። ስለ መናኸሪያዋ ሴት ሲሰሙ አልተደነቁም። በመንገዱ ብዙ ሰው ያልፋል፣ የተራበ ይበላል አሉ። የእሳቸውም ልጅ በዚያው መንገድ ሄዷል፤ ቨርጂኒያ ውስጥ ጣሪያ ይሠራል። እንግዲህ እኛ ቤት ልንሠራ ከአሜሪካ የመጣነው ጣሪያ ሠሪውን አሜሪካ ትተን ነው።

50 ዶላሩን ተቀብለው ጉያቸው ከተቱት። በማግሥቱ ዶሮ ሆኖ ቀረበልን።

ቡና ቀዱልኝ። ቀጭን ነው፤ ከስኳር ጋር አብሮ የፈላ። ከጓሮው ጀምሮ ተዳፋቱ ሁሉ ቡና ነው፤ ምርጡ ግን ተለቅሞ ባሕር ይሻገራል። ሚሲዮናዊውን የጋበዘው ያው ባሪዮስ ቡናንም ያስፋፋው ነው፤ በ1877 ባወጣው የቀን ሠራተኞች ደንብ የደጋውን የማያ ሕዝብ ለቡና እርሻ በግዴታ አሠማርቷል። ሴትዮዋ ጽዋዬን ደግመው እየሞሉ «በእናንተ አገር ቡና አለ?» አሉኝ። «ትንሽ አለ» አልኳቸው። ከእኛ ቡድን አንዷ ካፌይን የሌለው እንዳለ ስትጠይቅ አስተርጓሚው ሳይተረጉም አለፋት፤ ጥሩ አስተርጓሚ ነው።

እሁድ ከሰዓት በኋላ አንቲጓ ወረድን። በዐቢይ ጾም እሁዶች ሰው በቀለም የተነከረ ሰጋቱራ አስፋልት ላይ እየነሰነሰ፣ አበባና ወፍ የተሣለበት ምንጣፍ ሠርቶ ያነጥፋል፤ ወይን ጠጅ ቀሚስ የለበሱ ወንዶች ሰማንያ ሆነው ከዚያም በዝተው፣ መስቀል የተሸከመውን የክርስቶስ ምስል በትከሻቸው ይዘው ይረግጡታል። ለመሸከም ተራ ይያዛል፣ ገንዘብም ይከፈላል። ፓስተሩ አውቶቡሱ ውስጥ ቀሩ፤ ይህ የእሳቸው አይደለም። የእኛ ልጆች ብርቱካናማ ቲሸርታቸውን ለብሰው ዳር ዳሩን ፎቶ አነሡ። አክስቴ ብትኖር መንገዱ ላይ ትንበረከክ ነበር።

ማታ ማታ ክብ ሠርተን እየተቀመጥን «ዛሬ ጌታን የት አያችሁት?» እንባባላለን። ብዙ ሰው ሕፃናት ላይ ያየዋል። አንድ ምሽት የኢኮኖሚክስ ተማሪዋ ሌላ ነገር አመጣች። ኩርት ቨር ቢክ የተባለ ሆንዱራስ የሚኖር አሜሪካዊ ሶሲዮሎጂስት፣ ከ1998ቱ የሚች አውሎ ነፋስ በኋላ የሚሲዮን ቡድኖች የሠሯቸውን ቤቶች አጥንቶ ነበር። አንዱ ቤት 2,000 ዶላር ያህል ሲያወጣ፣ ሊሠሩት የመጡት ሰዎች ጉዞ ወደ 30,000 ዶላር ይፈጃል። ዝም አልን። አንዱ «ግንኙነት መመሥረታችንስ?» አለ። ሁላችንም ግንኙነት ዋጋ እንደማይተመንለት ተስማማንና ተኛን። እኔ በበኩሌ የሰማሁትን አስተያየት ሁሉ መዝኜ ያገኘሁት ይህን ነው፤ ሂሳቡን የሠራችው ልጅ በማግሥቱ አሸዋ ስትነፋ ከሁላችንም በረታች።

በመጨረሻው ምሽት የአጎቴ ዶሮ ተበልቶ ሲያልቅ ፓስተሩ ደብተር አወጡ። «እኛም ወደ እናንተ እንመጣለን ብለን ጸልየናል» አሉ። አስተባባሪዋ ነገሩ የጨዋነት መስሏት «በጣም ደስ ይለናል!» አለች። ፓስተሩ እስክሪብቷቸውን ከፈቱ።

«ስንት ሰው ታሳድራላችሁ?»

አስተባባሪዋ የመኝታ ክፍሉ ሕግ እንግዳ ብዙ ማሳደር እንደማይፈቅድ አስረዳች። ጻፉት።

«ማን ያበስልላቸዋል?»

ይህን ጊዜ የተማሪዎቹ ምግብ ቤት በካርድ እንደሚሠራ ተናገረች። እሱንም ጻፉ።

«የምንቀባው ግድግዳ አለ?»

እርስ በርስ ተያየን። ግድግዳ አለን፤ ቀለም የሚቀባው ግን የዩኒቨርሲቲው ሠራተኛ ነው፣ ሌላ ሰው ብሩሽ ቢያነሣ ችግር ይፈጠራል። ፓስተሩ ግራ ተጋቡ፤ ቢሆንም ተስፋ አልቆረጡም። ድራማውን ወጣቶቻቸው በደንብ እንደሚያውቁት ነገሩን። እኔ የአሜሪካ ኤምባሲን ሰልፍ ስለማውቀው የቪዛው ማመልከቻ 185 ዶላር እንደሆነ ሹክ አልኳቸው።

«ቢከለክሉ ይመልሳሉ?»

«አይመልሱም ፓስተር።»

ይህንም መዘገቡ። አስተባባሪዋ ላቧ ችፍ ብሏል። ትንሽ ነገር ልትስማማላቸው ፈልጋ «ሐምሌ ላይ ቢሆን ግቢው ባዶ ስለሚሆን ይቀላል» አለች። ፓስተሩ ደብተሩን ወደ ኋላ ገለጡ፣ በጣታቸው ወደ ታች ወረዱ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ። ዋና አብሳይዋ ከበሩ ሆነው የሚባለውን እየሰሙ ኖሮ ከፓስተሩ ቀድመው መለሱ።

«ሐምሌማ እንዴት ይሆናል? ቴክሳሶቹን ማን ይቀበላቸዋል?»